ባንኪም ቻንድራ ቻቶፓድያይ፦ የቤንጋሊኛ ልብ ወለድ ፈር ቀዳጅ

ባንኪም ቻንድራ ቻቶፓድያይ (1838–1894) የቤንጋሊኛን ልብ ወለድ በእግሩ ያቆሙ፣ የዘመናቸውን አንባቢ የቀረጸ መጽሔት ያቋቋሙ፣ ለ33 ዓመታትም በእንግሊዝ ቅኝ አስተዳደር ሥር በዳኝነትና በግብር ሹምነት ያገለገሉ የቤንጋል ሰው ናቸው። ቤንጋሊኛ ዛሬ በባንግላዴሽና በሕንድ ምዕራብ ቤንጋል ግዛት ከ200 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይናገረዋል። በባሕረ ሰላጤው አገሮችም በየግንባታው፣ በየሱቁና በየማእድ ቤቱ ከአማርኛ ጎን ለጎን ይሰማል። ብዙ አማርኛ አንባቢ ራቢንድራናት ታጎርን በስም ቢያውቅም፣ ለታጎር መንገዱን የጠረጉት ግን እኒህ ሰው ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባንኪም ከካልካታ በስተሰሜን፣ በሁግሊ ወንዝ ዳር፣ በናይሃቲ ከተማ አጠገብ በምትገኘው በካንታልፓራ መንደር በጁን 1838 ከብራህማን ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው ያዳብ ቻንድራ የመንግሥት ግብር ሹም ስለነበሩ ልጆቻቸው የሳንስክሪትን ትምህርት ከእንግሊዝኛው ጋር አጣምረው አደጉ። ወንድማቸው ሳንጂብ ቻንድራም በኋላ ስመ ጥር ጸሐፊ ሆነዋል። ባንኪም እንደ ዘመኑ ልማድ ገና በ11 ዓመታቸው የአምስት ዓመት ልጅ አገቡ። ያቺ ልጅ በ1859 ሞተች፤ በተከታዩ ዓመት ራጅላክሽሚ ዴቪን አግብተው ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ።

የካልካታ ዩኒቨርሲቲ በ1857 ሲቋቋም ባንኪም ወጣት ተማሪ ነበሩ። በ1858 ዩኒቨርሲቲው ለመጀመሪያ ጊዜ የባችለር ዲግሪ ሲሰጥ ከተፈታኞቹ መካከል የተመረቁት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ባንኪምና ጃዱናት ቦስ። እነርሱም ቢሆኑ በአንድ ትምህርት የጎደላቸው ጥቂት ነጥብ ተሞልቶላቸው እንዳለፉ ተመዝግቧል። የሕግ ዲግሪያቸውን ያገኙት ዘግይቶ፣ ሥራ ላይ ሳሉ፣ በ1869 ነው።

ከምረቃ በኋላ ወዲያው በዚያው ዓመት በጀሶር ምክትል ዳኛና የግብር ሹም ሆነው ተሾሙ። ሕንድ ከምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ እጅ ወጥታ በቀጥታ በእንግሊዝ ዘውድ ሥር የገባችበት ዓመት መሆኑ ልብ ይሏል። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ከአውራጃ አውራጃ እየተዛወሩ ሠሩ። በኩልና ሳሉ የወንዝ ላይ ወንበዴዎችንና ገበሬውን በግድ ኢንዲጎ የሚያስዘሩ አውሮፓውያን ባለ እርሻዎችን ተጋፍጠዋል። ኢንዲጎ ሰማያዊ የጨርቅ ቀለም የሚወጣበት ተክል ነው፤ ወዳጃቸው ዲናባንዱ ሚትራ በ1860 ‘ኒል ዳርፓን’ በተሰኘው ተውኔት ያጋለጡትም ይህንኑ በደል ነበር። ባንኪም የቱንም ያህል ቢለፉ አንድ ሕንዳዊ ሊደርስባቸው ከሚፈቀድለት እርከን በላይ አልወጡም። ምክትል ሆነው ጀመሩ፤ በ1891 ጡረታ ሲወጡም የማዕረጋቸው መጠሪያ ‘ምክትል’ የሚለውን ቃል አልለቀቀም።

ስለ ክብራቸው ግን ዝም የሚሉ ሰው አልነበሩም። በ1873 መገባደጃ በባርሃምፑር ከሥራ ወደ ቤታቸው በሸክም አልጋ እየተወሰዱ ሳለ፣ ተሸካሚዎቹ እንግሊዛውያን ክሪኬት የሚጫወቱበትን ሜዳ አቋረጡ። ደፊን የተባለ እንግሊዛዊ ኮሎኔል በዚህ ተቆጥቶ ባንኪምን አንገላታቸው፣ መታቸውም። ባንኪም ነገሩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት። የቅኝ ገዢው ጦር መኮንን በአንድ ሕንዳዊ ሹም መከሰሱ በራሱ አገር የሚያነጋግር ነበር፤ መጨረሻው ይበልጥ አነጋገረ። ኮሎኔሉ በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት፣ በችሎት፣ ይቅርታ ጠየቀ።

የቋንቋ ምርጫ

ባንኪም የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸውን የጻፉት በእንግሊዝኛ ነው። ‘የራጅሞሃን ሚስት’ የተባለው ይህ ሥራ በ1864 በአንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ በተከታታይ ወጣ፤ ብዙ ሊቃውንትም ሕንዳዊ በእንግሊዝኛ የጻፈው የመጀመሪያ ልብ ወለድ አድርገው ይቆጥሩታል። ደራሲው በሕይወት ሳሉ ግን በመጽሐፍ አልታተመም፤ እርሳቸውም ወደዚያ ቋንቋ ለልብ ወለድ አልተመለሱም። በተከታዩ ዓመት የታተመው ‘ዱርጌሽናንዲኒ’ በቤንጋሊኛ ነበር።

ምርጫው ዛሬ ቀላል ይመስል ይሆናል፤ በጊዜው ግን አልነበረም። በካልካታ የተማረ ሰው ሐሳቡን የሚጽፈው፣ ወዳጁን በደብዳቤ የሚጠይቀው፣ ቁም ነገር የሚከራከረው በእንግሊዝኛ ነበር። ቤንጋሊኛ የሴቶች ጓዳና የገበያ ቋንቋ ተደርጎ ይናቅ ነበር። ከዚህም ሌላ በጽሑፍ ቋንቋው ላይ ራሱ ክርክር ነበረበት። በአንድ ወገን ኢሽዋር ቻንድራ ቪድያሳጋርና መሰሎቻቸው ያሳመሩት፣ በሳንስክሪት ቃላት የከበደ፣ ግርማ ያለው ስድ ንባብ አለ። በሌላ ወገን ፒያሪ ቻንድ ሚትራ በብዕር ስም በ1858 ባሳተሙት ‘አላሌር ጋሬር ዱላል’ በተሰኘ መጽሐፍ የካልካታን የጎዳና ንግግር እንዳለ ወረቀት ላይ አውጥተው ነበር። ባንኪም ሁለቱንም አከበሩ፤ ከሁለቱም ወሰዱ። ለገለጻና ለግርማ ሳንስክሪታማውን፣ ለሰዎች ምልልስና ለቀልድ ቀላሉን ተጠቀሙ። ሐሳቡን በአጭሩ በሚገልጽ ቃል መጻፍ፣ ቃሉ የመጣው ከየትም ይሁን ከየት፣ በ1878 በቋንቋ ላይ በጻፉት መጣጥፍ የተከራከሩለት አቋም ነው። ከግእዝ በተዋሰ ከባድ ቃልና በመንደር አማርኛ መካከል ሚዛን ሲፈልግ የኖረ አማርኛ ጸሐፊ ይህ ጥያቄ እንግዳ አይሆንበትም።

ሌሎችንም ይገፋፉ ነበር። በኋላ ታሪክ ጸሐፊና ከፍተኛ ሹም የሆኑት ራሜሽ ቻንድራ ዳት በእንግሊዝኛ ብቻ ይጽፉ የነበሩ ሰው ናቸው። ባንኪም በቤንጋሊኛ እንዲጽፉ ሲጎተጉቷቸው ዳት የቤንጋሊኛን የአጻጻፍ ስልት አላውቅም ብለው ለማመካኘት ሞከሩ። ባንኪምም የተማሩ ሰዎች የሚጽፉት ነገር ራሱ ስልት እንደሚሆን ነገሯቸው። ዳት በ1874 የመጀመሪያ ልብ ወለዳቸውን በቤንጋሊኛ አሳተሙ።

ልብ ወለዶቹ

‘ዱርጌሽናንዲኒ’ ማለት የምሽግ ጌታ ልጅ ማለት ነው። ታሪኩ በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ የሙጋል ነገሥታትና የፓታን አለቆች ቤንጋልን ሲሻሙ የተፈጸመ ነው። የሙጋሉ ጦር አዛዥ የማን ሲንግ ልጅ የሆነው ጃጋት ሲንግ በማዕበል ሌሊት በአንድ ቤተ መቅደስ ተጠልሎ ቲሎታማን ያያታል፤ ፍቅር ይይዘዋል። ጦርነቱ ግን ቆስሎ በጠላቱ በካትሉ ካን እጅ እንዲወድቅ ያደርገዋል። የሚያስታምመው የጠላቱ ልጅ አይሻ ናት። እርስዋም ትወደዋለች፤ እንደማታገኘው እያወቀች ሊያገባት በሚፈልገው በኦስማን ፊት ፍቅርዋን በግልጽ ትናገራለች። በሠርጉ ጊዜ ለቲሎታማ ጌጥ ሸልማ ወደ ቤትዋ ትመለሳለች፤ መርዝ ያለበትን ቀለበትዋን ጥቂት ታስብበትና ከምሽጉ ዙሪያ ወዳለው ውሃ ትወረውረዋለች። አንባቢ ከመጽሐፉ ይዞ የሚወጣው ልዑሉንም ሙሽራዪቱንም አይደለም፤ አይሻን ነው። ስለ ደራሲው ኋለኛ ሥራዎች የሚነሣውን ወቀሳ ስንመለከት ይህቺን ሙስሊም ጀግና መዘንጋት አይገባም።

በ1866 ‘ካፓልኩንዳላ’ ተከተለ። ናባኩማር የተባለ ወጣት ከመንፈሳዊ ጉዞ ሲመለስ በባሕሩ ዳር ለባልንጀሮቹ ማገዶ ሊለቅም ይወርዳል፤ ማዕበሉ ሲነሣ ጀልባዋ ጥላው ትሄዳለች። በዚያ ጫካ ሰው የሚሠዋ መናኝ ያሳደጋት ልጃገረድ ታገኘዋለች፤ ከመሥዋዕትነትም ታድነዋለች። አግብቶ ወደ ሰው መንደር ያመጣታል። ሰው ሳታይ ያደገች ሴት በአጥርና በደንብ በታጠረ ቤት መኖር ትችላለችን? መጽሐፉ የሚጠይቀው ይህን ነው፤ መልሱም መራር ነው። ባንኪም በ1860 በዚያው የባሕር ጠረፍ በሹመት ተቀምጠው ስለነበር አሸዋውንና ጫካውን ከመጽሐፍ ያነበቡት አይደለም። ከሥራዎቻቸው ሁሉ ይህ ሥራ በአጭርነቱና በጥራቱ ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በሁለቱ የማኅበራዊ ኑሮ ልብ ወለዶች ግን ደራሲው ከነገሥታት ዘመን ወጥተው ወደ ጎረቤታቸው ሳሎን ገቡ። በ1856 ሕጉ ባል የሞተባት የሂንዱ ሴት ዳግመኛ እንድታገባ ፈቅዶ ነበር፤ ልማዱ ግን አልፈቀደም። በ1873 በታተመው ‘ቪሻብሪክሻ’ (የመርዝ ዛፍ) ባለጸጋው ናጌንድራ ደጓ ሚስቱ ሱርያሙኪ ሳለችለት ባልዋ የሞተባትን ወላጅ አልባ ልጅ ኩንዳናንዲኒን ይወዳል። ሱርያሙኪ የባልዋን ስቃይ ባየች ጊዜ ሁለቱን ራስዋ ትድርና ቤቱን ጥላ ትጠፋለች። ናጌንድራ ያጣውን የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው። ሚስቱ ስትመለስ ኩንዳ መርዝ ትጠጣለች። በ1878 በወጣው ‘ክሪሽናካንተር ዊል’ (የክሪሽናካንታ ኑዛዜ) ደግሞ ጎቢንድላል ሚስቱን ብራማርን ትቶ ሮሂኒ ከተባለች ውብ ወጣት መበለት ጋር ይሸሻል፤ በኋላም በጥይት ይገድላታል። የሮሂኒ አሟሟት ከዚያ ወዲህ ሲያከራክር ኖሯል። ባንኪም ስለ መበለቶች ጥማት እንደ እርሳቸው ያለ ርኅራኄ አሳይቶ የጻፈ ሰው ባልነበረበት ዘመን ጻፉ፤ ግን በመጨረሻው ምዕራፍ ሁለቱንም ሴቶች ገደሉ። ሥነ ምግባር ሰባኪው ልብ ወለድ ጸሐፊውን አሸንፎታል የሚሉ አሉ። ሻራት ቻንድራ ቻቶፓድያይን የመሰሉ የተከታዩ ትውልድ ደራስያን ቅሬታ ከዚሁ የመነጨ ነው።

‘ራጃኒ’ (1877) የአንዲት ዓይነ ስውር አበባ ሻጭ ታሪክ ሲሆን ገጸ ባሕርያቱ በየተራ በራሳቸው አንደበት ይተርኩታል። ይህን ዘዴ ከእንግሊዛዊው ዊልኪ ኮሊንስ እንደወሰዱት ደራሲው በመግቢያቸው ሳይደብቁ ተናግረዋል። ‘ሚሪናሊኒ’ን፣ ‘ቻንድራሼካር’ን፣ ‘ራጅሲንግ’ን፣ ‘ዴቪ ቻውዱራኒ’ን እና በ1887 የወጣውን የመጨረሻ ልብ ወለዳቸውን ‘ሲታራም’ን ጨምሮ ሥራዎቻቸው ከደርዘን በላይ ናቸው።

‘ባንጋዳርሻን’ እና ሁለቱ ገበሬዎች

በ1872 በባርሃምፑር ሳሉ ‘ባንጋዳርሻን’ የተባለ ወርኃዊ መጽሔት አቋቋሙ። ልብ ወለድ፣ ታሪክ፣ ሳይንስ፣ ትችት፣ ቀልድ፣ ሁሉም በቤንጋሊኛ ነበር። ‘የመርዝ ዛፍ’ በመጀመሪያ የወጣው በዚህ መጽሔት በተከታታይ ነው። ታጎር ልጅ ሳሉ ተከታዩን እትም መጠበቅ፣ መጽሔቱ ሲመጣም ታላላቆች አንብበው እስኪጨርሱ መታገሥ ምን ያህል ይከብዳቸው እንደነበር በትዝታ መጽሐፋቸው ጽፈዋል። ባንኪም እስከ 1876 አዘጋጁት፤ ከዚያም ወንድማቸው ሳንጂብ ቀጠሉበት።

በመጽሔቱ ከወጡት መጣጥፎች ሁሉ ለዛሬ ሠርቶ አደር አንባቢ ቅርብ የሆነው ስለ ቤንጋል ገበሬ የጻፉት ነው። በጊዜው የቅኝ አስተዳደሩና የካልካታ ልሂቃን አገሪቱ በለጸገች እያሉ ይናገሩ ነበር፤ ባቡር ገብቷል፣ ቴሌግራፍ ተዘርግቷል፣ ሕግ ሰፍኗል። ባንኪም ሁለት ሰዎች አቆሙ። አንዱ ሃሺም ሼክ የተባለ ሙስሊም፣ ሌላው ራማ ካይባርታ የተባለ ሂንዱ ነው። ሁለቱም በቀትር ፀሐይ፣ ራሳቸውን ሳይሸፍኑ፣ በጭቃ ውስጥ ቆመው በከሲ በሬዎች ያርሳሉ። ማታ ሲገቡ የሚጠብቃቸው ጨውና ጥቂት ሩዝ ነው፤ በማግስቱ ደግሞ ባለርስቱ ወይም አራጣ አበዳሪው በመንገድ ይይዛቸዋል። የተባለው ብልጽግና ለእነዚህ ለሁለቱ ምን አመጣላቸው? ካላመጣላቸውስ የማን ብልጽግና ነው? ጸሐፊው ራሳቸው የግብር ሹም ነበሩ፤ ገበሬው ምን ያህል እንደሚከፍል፣ ለማን እንደሚከፍልና ምን እንደሚቀረው ከመዝገብ ያውቁታል። ጽሑፉን ከሌሎች ስለ እኩልነት ከጻፏቸው ጋር በ1879 ‘ሳምያ’ (እኩልነት) ብለው አሳተሙት። በኋላ ግን አመለካከታቸው ስለተለወጠ መጽሐፉ ዳግመኛ እንዳይታተም አደረጉ።

ቀልዳቸውም ከዚሁ ልምድ የተቀዳ ነው። ‘የካማላካንታ ማኅደር’ (1875) ኦፒየም የሚወስድ፣ ሥራ የሌለው፣ ግን ሁሉን የሚያይ ብራህማን የሚናገራቸው ጽሑፎች ስብስብ ነው። በኋላ በተጨመረ አንድ ክፍል ካማላካንታ ስለተሰረቀች ላም ሊመሰክር ችሎት ይቀርባል፤ ከመሐላው ቃል ጀምሮ እያንዳንዱን ጥያቄ በቃል በቃሉ እየወሰደ ዳኛውንም ጠበቃውንም ግራ ያጋባል። በየቀኑ በዚያ ወንበር የሚቀመጥ ሰው የጻፈው መሆኑ ሳቁን ያሳምረዋል።

‘አናንዳማት’ እና መዝሙሩ

የባንኪምን ስም ከሥነ ጽሑፍ ወደ ፖለቲካ ያወጣው በ1882 የታተመው ‘አናንዳማት’ ነው። ታሪኩ የሚጀምረው በ1770ው የቤንጋል ረኃብ ነው፤ በዚያ ረኃብ ከሕዝቡ አንድ ሦስተኛ ያህሉ እንዳለቀ ይገመታል። የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ግብሩን ሲሰበስብ፣ ለስሙ የሚገዛው ናዋብ ደካማ ሆኖ ሳለ፣ መንደሮች ባዶ ሆኑ። ደራሲው በዚያ ዘመን በእውነት የተነሣውን የመናኞች ዐመፅ መነሻ አድርገው፣ አገራቸውን እንደ እናት የሚያመልኩ የታጠቁ መነኮሳትን ታሪክ ፈጠሩ። ከዚያ ቀደም ብለው የጻፉትን ‘ቫንዴ ማታራም’ የተሰኘ መዝሙር በመነኮሳቱ አፍ አኖሩት። መዝሙሩ ሳንስክሪትና ቤንጋሊኛ የተቀላቀለበት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አንጓዎች የምድሪቱን ውሃ፣ ፍሬና ነፋስ ያወድሳሉ፤ የኋለኞቹ እናት አገርን ከሂንዱ አማልክት ጋር ያመሳስላሉ።

መጽሐፉ ብርቱ ጎን እንዳለው ሁሉ ብርቱ እንከንም አለበት። የረኃቡ ምዕራፎች ማንንም ያንቀጠቅጣሉ። ይሁን እንጂ የመነኮሳቱ ጠላት ሆነው የሚሳሉት በአብዛኛው ሙስሊሞች ናቸው፤ በገጸ ባሕርያቱ አፍ የሚነገረው ንቀትም ሙስሊም አንባቢን የሚያቆስል ነው። ተሟጋቾቻቸው ደራሲው የመንግሥት ተቀጣሪ ስለነበሩ እንግሊዞችን በቀጥታ መንካት አልቻሉም ይላሉ፤ መጽሐፉ በየእትሙ እንደተሻሻለም ይጠቅሳሉ። በመደምደሚያው አንድ ባለ መድኃኒት ጠቢብ ለመነኮሳቱ መሪ፣ ሕንዶች የውጭውን ዓለም ዕውቀት እስኪማሩ የእንግሊዝ አገዛዝ የግድ ነው ይለዋል። ይህ ምክር የደራሲው እምነት ይሁን የተቀጣሪው ጥንቃቄ እስከ ዛሬ ያከራክራል። የሃሺም ሼክን ጭቃ የጻፈው ብዕር ይህንንም መጻፉ ግን የሚካድ አይደለም፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማንበብ ያስፈልጋል።

ባንኪም ካረፉ በኋላ መዝሙሩ የራሱን ሕይወት ኖረ። በ1896 ታጎር በካልካታው የኮንግረስ ጉባኤ ላይ ዘመሩት። በ1905 ሎርድ ከርዘን ቤንጋልን ለሁለት ሲከፍሉት ርእሱ የተቃዋሚዎች መፈክር ሆነ፤ በአደባባይ እርሱን መጮኽ የሚያስቀጣበት ጊዜም ነበር። ይሁንና የኋለኞቹ አንጓዎች ሙስሊሞችን ቅር ስላሰኙ ኮንግረስ በ1937 በስብሰባዎች የመጀመሪያዎቹ ሁለት አንጓዎች ብቻ እንዲዘመሩ ወሰነ። በጃንዋሪ 24 ቀን 1950 የታጎር ‘ጃና ጋና ማና’ የሕንድ ብሔራዊ መዝሙር ሲሆን ‘ቫንዴ ማታራም’ እኩል ክብር ያለው ብሔራዊ ዜማ ተባለ። የባንግላዴሽ መዝሙር ደግሞ ታጎር በዚያው በ1905 ሰሞን የጻፉት ሌላ መዝሙር ነው።

የመጨረሻ ዓመታት

ባንኪም በኋለኛው ዕድሜያቸው ወደ ሃይማኖትና ፍልስፍና አዘነበሉ፤ ስለ ክሪሽና ሕይወትና ስለ ሃይማኖት ምንነት ሰፋፊ ጥናቶች ጻፉ። ጡረታ ከወጡ በኋላ መንግሥት የክብር ማዕረጎች ሰጣቸው። በካልካታ በኤፕሪል 8 ቀን 1894፣ ገና በ55 ዓመታቸው አረፉ።

ታጎር ስለ እርሳቸው ካስቀሩት ትዝታ አንዱ የራሜሽ ቻንድራ ዳት ልጅ ሠርግ ዕለት የሆነው ነው። ዳት በደጃፍ ቆመው ለክብር እንግዳቸው ለባንኪም የአበባ ጉንጉን አጠለቁላቸው። በዚያው ቅጽበት ወጣቱ ታጎር ደረሱ። ባንኪም ጉንጉኑን ከአንገታቸው አውልቀው በወጣቱ አንገት ላይ አደረጉትና፣ ይህ የሚገባው ለእርሱ ነው፤ አዲሱን የግጥም መጽሐፉን አላነበብህም ወይ ብለው ዳትን ጠየቁ። በ1901 ‘ባንጋዳርሻን’ እንደገና መታተም ሲጀምር አዘጋጁ ታጎር ነበሩ፤ የአንዲት ወጣት መበለት ታሪክ የሆነውን ‘ቾከር ባሊ’ የተሰኘ ልብ ወለዳቸውንም በዚያው መጽሔት በተከታታይ አወጡ። በታጎር መጽሐፍ መበለቲቱ አትሞትም።

ባንኪም የተወለዱበት የካንታልፓራ ቤት ዛሬ የእርሳቸው ቤተ መዘክርና የጥናት ማእከል ሆኖ ለጎብኚዎች ክፍት ነው።